በባዶ እጅ ስለ መመለስ

በዚህ በጁባ ከተማ፥ ከኮኞ ኮኞ ገበያ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እኅታችን ምግብ ቤት አላት። የዛሬ ስድስት ወር ያህል፥ እሑድ ከጸሎት በኋላ፥ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ቈይታ ወደ እኔ ቀረበች። «ቄስ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነውር ነው ብለው እንዳይመልሱልኝ፤ ነውር መሆኑንስ እኔም ዐውቃለሁ። ኀጢአት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተር ብስክሌት የሚመላለስ አንድ ወጣት የዱር ሥጋ ያመጣላታል። አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው በጢስ የደረቀ ስለ ሆነ ከየትኛው እንስሳ እንደ ተቈረጠ አይለይም። በዚያ ሳምንት ግን ትኩስ ሥጋ አምጥቶላት፥ እርስዋም በቢላዋ ስትከፍተው ወተት ወጣ። «ጡቷ ነበረ፤ ሥጋ መስሎኝ ቈረጥሁት። እጄን ታጠብሁ፤ ደግሜም ታጠብሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሠርቼ ሸጥሁት፤ ገንዘቤን አውጥቼበታለሁና።»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። እንዲህ ባለው ነገር ፈጥኜ ለመፍረድ የማልደፍርበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም ከዚህ በታች እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ እንስሳዪቱ ጥቂት ልበል።

ይህች እንስሳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የምትባለው ናት። በአገራችን የጋምቤላ ሰው ያውቃታል፤ መንጋዋ የመንግሥታት ድንበር ሳያግደው ከቦማ ሜዳ ወደ ጋምቤላ ይሻገራል፥ ይመለሳልም። በዚህ በኩል ደግሞ ከነጭ ዓባይ በስተ ምሥራቅ፥ ለጁባ ቅርብ በሆነው በባዲንጊሎ ፓርክ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2023 እንስሳቱ ከአውሮፕላን ተቈጥረው፥ ውጤቱ በ2024 በዚህ በጁባ ሲነገር፥ እርስዋና በየዓመቱ የሚፈልሱት ሌሎቹ የአጋዘን ወገኖች በአንድነት ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገለጠ። ከዚህም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጦርነት በተመላለሰበት ምድር ይህ ሁሉ ነፍስ ተርፎ መገኘቱ ያስደንቃል፤ ሰዎቹ በተሰደዱበት ጊዜ እንስሳቱ መንገዳቸውን አልሳቱም።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ዘር ወንዱ በግልገልነቱ እንደ እናቱ ቡላ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ እየጠቈረ ይሄዳል፤ በጐለመሰ ጊዜ ሰውነቱ ጥቍር ሆኖ ጆሮውና የዐይኑ ዙሪያ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ሴቲቱ ቀንድ የላትም። እንግዲህ ዐይን ላለው አዳኝ ማንን መምታት፥ ማንን መተው እንደሚገባው በእንስሳው ቆዳ ላይ ተጽፎለታል ማለት ነው። ከሞተር ብስክሌት ወርዶ በመንጋው መካከል በክላሽንኮፍ የሚተኵስ ሰው ግን ይህን ጽሕፈት አያነብም።

ለእኅታችን ቀላል መልስ አጥቼ አልነበረም። በመጀመሪያ፥ በፓርኩ ውስጥ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህ ብቻ በበቃ። ደግሞም በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅ ታዝዟል። በዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍ አዳኝ የገደለውን እንስሳ ደሙን አፍስሶ በዐፈር እንዲሸፍን ተነግሮታል። ይስሐቅም ከኤሳው አደን መብላት ይወድ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ አደንን አልከለከለም፤ ወሰን አበጀለት እንጂ። «እናቲቱን ተዉ፥ ግልገሉን ተዉ፥ ያረጀውን ወንድ ብቻ ምቱ» የሚለውም ሥርዐት ከዚሁ ወሰን ጋር የሚስማማ ይመስላል።

ይህ ሥርዐት በብዙ አገር ይሠራበታል። በአሜሪካ ባለነጭ ጭራ የሚባል አጋዘን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ሥጋውን ለገበያ በሚያድኑ ሰዎች ምክንያት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያም በታች ወርዶ ነበር። የዱር ሥጋ መሸጥ ተከልክሎ፥ የአደን ወራትና ቍጥርም ተወስኖ፥ ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል ሆኗል። አንዳንዶቹ አዳኞች ከባለመሬት መሬት ይከራያሉ፤ በንጋት ዛፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ወጣቱን ወንድ ያሳልፉና ቀንዱ የሰፋውን፥ ዕድሜ የጠገበውን ይመታሉ።

በአገራችንም ደጋ አጋዘን አለን። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ መኖሪያው በአርሲ፥ በባሌና በጭርጭር ተራሮች ነው። የሳይንስ ሰዎች ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ እንግሊዛዊ መኰንን ከገደለው በኋላ ነው፤ የመታወቁ መጀመሪያ መገደሉ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በዱር የቀረው ሁሉ 4,000 ገደማ ወይም ከዚያ በታች እንደ ሆነ ይገመታል። ከፓርኩ ውጭ ባሉት ደኖች፥ እንደ ሙነሣ ኩኬና እንደ አባሸባ ደመሮ ባሉት ቀበሌዎች፥ የአደን ድርጅቶች ከመንግሥት ቦታ እየተኰናተሩ፥ በዓመት የተወሰነ ቍጥር ያላቸውን የጐለመሱ ወንዶች ብቻ ለባሕር ማዶ አዳኞች ያስመታሉ። ለአንዱ ደጋ አጋዘን ለመንግሥት የሚከፈለው ለብዙ ጊዜ 15,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ቈይቷል፤ ከገቢውም 85 በመቶው ለክልሉ እንዲሰጥ ሥርዐት ወጥቶለታል። ይህን ነገር ከነአካቴው የሚነቅፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1991 የሆነውን ማስታወስ ይገባቸዋል። ያን ጊዜ መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ጠፍቶ፥ በባሌ ፓርክ በጋይሳይ ሜዳ የነበረው አጋዘን በብዛት ተፈጀ፤ የፈጀውም ኪራይ የከፈለ አዳኝ አልነበረም።

ነገር ግን ምርጡን መምረጥም ዕዳ አለው። በካናዳ በአልበርታ አውራጃ፥ ራም በሚባል ተራራ ላይ፥ አዳኞች ለ30 ዓመት ያህል ቀንደ ትልቁን የተራራ በግ እየመረጡ ሲመቱ ከኖሩ በኋላ፥ የበጎቹ ቀንድም ክብደትም በትውልድ እየቀነሰ መሄዱን የሚገልጥ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። መጠኑን የተከራከሩበት ሊቃውንት አሉ። አሳቡ ግን ለማንም ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ አውራውን እያረደ ጥጃ የሚጠብቅ ከብት አርቢ የለምና።

ማርቲን ሉተርም አንድ ጊዜ አደን ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1521 በነሐሴ ወር፥ በዋርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሳለ፥ ሁለት ቀን ከአዳኞች ጋር እንደ ዋለ ለወዳጁ ለሽፓላቲን ጽፎለታል። ሁለት ጥንቸልና ጥቂት ቆቆች ተያዙ። ሉተርም አንዲት ትንሽ ጥንቸል በሕይወት አግኝቶ በልብሱ እጅጌ ጠቅልሎ ሸሸጋት፤ ውሾቹ ግን አሽትተው ደረሱና በልብሱ ላይ ነክሰው እግርዋን ሰበሩ፥ አንቀውም ገደልዋት። እርሱ ይህን ለነፍስ ምሳሌ አደረገው፤ ሰይጣንና የሮም ፓፓ የዳኑትን እንኳ እንዴት እንደሚያሳድዱ አየበት። በሴሚናሪዮ ሳለሁ መምህራችን ይህን ሲያስረዳን፥ እኔ ምሳሌውን ትቼ ስለ ጥንቸልዋ አስብ ነበር። ምክንያቱም ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት እኔም አደን ወጥቼ ነበር፤ በእኔ እጅ የነበረውም ጥንቸል ሳይሆን ቃል ነበረ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች መካከል ባለ አንድ የአደን ቀበሌ በአስተርጓሚነት ተቀጠርሁ፤ ኦሮምኛ በእናቴ ቤት፥ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁና። አዳኙ ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ፀጕሩ የሸበተ ሰው ነበረ። የድርጅቱ ባለሙያ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ አያውቅም። ዱካ የሚያነብልን ደግሞ የዚያው አገር ሽማግሌ፥ ከኦሮምኛ ሌላ የማይናገር ሙስሊም ነበረ። ከመንግሥት የተላከ ስካውትም አብሮን ይወጣ ነበር። ስለዚህ በሽማግሌው ዐይንና በአዳኙ ጠመንጃ መካከል ያለሁት እኔ ነበርሁ፤ ይህንም ያን ጊዜ እንደ ማዕርግ ቈጥሬው ነበር።

ስምንት ቀን ወጣን፤ ስምንት ቀን በባዶ እጃችን ተመለስን። ወንዶች አይተናል፤ ሽማግሌው ግን ባየ ቍጥር ራሱን እየነቀነቀ «ገና ነው» ይላል፥ እኔም «ገና ነው» እላለሁ፥ ባለሙያውም በመነጽሩ ተመልክቶ ይስማማል። በዘጠነኛው ቀን ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ተነሣን። በጓሳው ሣር ላይ ውርጭ ወርዶ እንደ መስተዋት እየተሰበረ ከእግራችን በታች ይንኰሻኰሽ ነበር። ፈረሶቹን ከኮረብታው ሥር ትተን፥ ሽማግሌውና እኔ ከአንድ ቋጥኝ ላይ ወጣን፤ አዳኙ፥ ባለሙያውና ስካውቱ ከእኛ በታች በአስታው ቍጥቋጦ ውስጥ ተቀመጡ። በማግሥቱ እንግዳው ወደ አገሩ ይመለሳል። አጋዘን ከተመታ ለሠራተኛው ሁሉ ጉርሻ እንደሚሰጥም ነግሮናል።

ሲነጋ ጉም ከሸለቆው ይነሣ ጀመር። ሽማግሌው ትከሻዬን ነካ። ሦስት ሴቶች ከኮሶው ዛፍ ሥር ወጥተው ቆሙ፤ ከኋላቸውም አንድ ወንድ ወጣ፥ ቀንዱ ከጉሙ በላይ ይታያል። ለእኔ ዐይን ታላቅ ነበረ። ሽማግሌው ግን ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፥ «ልጄ፥ ውረድና ንገራቸው። ይህ ልጁ ነው። አባቱ ከኋላ በአስታው ውስጥ ነው፤ ይታገሡ» አለኝ።

ከቋጥኙ እስከ እነርሱ መቶ እርምጃ አይሞላም። በመቶ እርምጃ ውስጥ ሰው ምን ያህል ማሰብ እንደሚችል እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የእግሬ ጣቶች ደንዝዘዋል። ነገ ይሄዳል። ጉሙ አሁን ይዘጋል። አባቱ ባይወጣስ? ወንድ ወንድ ነው፥ ቀንድም ቀንድ ነው፤ ሰውየው ከፍሎበታል። ሽማግሌውስ ቢሳሳት? ይህን ሁሉ አስቤ ደረስሁና፥ በባለሙያው ጆሮ «ይኸው ነው ይላል» አልሁት።

ባለሙያው በመነጽሩ አየ። ጉሙ የእንስሳውን ግማሽ አካል ሸፍኖ ነበር፤ ስምንት ቀን ያልሳተውን የሽማግሌውን ቃል አምኖ ለአዳኙ ምልክት ሰጠው። ጥይቱ ተተኰሰ። ድምፁ በሸለቆው ሲመላለስ፥ ከላይ በአስታው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ቅርንጫፍ እየሰበረ ሄደ። ወደዚያ የተመለከትነው ሽማግሌውና እኔ ብቻ ነበርን።

ሽማግሌው ቢላዋውን መዝዞ ሮጠ፤ እንስሳው ሳይሞት ደርሶ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዐት ቢያርደው መንደሩ ሥጋውን ይበላ ነበርና። አልደረሰበትም። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ። ባለሙያው ቀንዱን በሜትር ለካ፥ ዝም አለ፥ ደግሞም ለካ። የቀንዱ ጫፍ ገና እንደ ሹል እሾህ ነበረ፤ የሽማግሌው ወንድ ጫፍ ግን በዘመን ብዛት የተበላና የነጣ ነው። እንግዳው ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ ጊዜ ቆመ። ስለ እርሱ ክፉ መናገር አልችልም፤ አልፎከረም፥ አልሣቀም። በአገራችን እንኳ አንበሳ የገደለ ይፎክር፥ ጐፈርም ይደፋ ነበር። ይህ ሰው ግን እጁን በእንስሳው አንገት ላይ አኑሮ ከቈየ በኋላ ትንሽ ደብተር አወጣና፥ «ሽማግሌው መጀመሪያ ባየው ጊዜ ምን አለ? ልጻፈው» ብሎ ጠየቀኝ።

በዚያው ጊዜ ሽማግሌው በኦሮምኛ፥ «ቃሌን አደረስህላቸው?» አለኝ።

ለሽማግሌው «አድርሻለሁ፤ ጉሙ ነው» አልሁት። ለእንግዳው ደግሞ «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሏል» አልሁት። ጻፈውም። ያ ደብተር ዛሬ በአንድ ሩቅ አገር፥ በአንድ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ይህን ነገር ብዙ ዓመት ሳወጣና ሳወርድ ኖሬአለሁ። በዚያ ጧት የጐደለ ሥርዐት አልነበረም። ቦታው በውል የተያዘ ነው፤ ፈቃዱ ተከፍሎበታል፤ ስካውቱ ቆሟል፤ ቍጥሩም ከተፈቀደው አላለፈም። በመዝገብ ላይ ሁሉ ነገር ቅን ነበረ። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ሕግ፥ ያ ሁሉ ዶላር፥ በመጨረሻ የቆመው «ይህ አይደለም» በምትል በአንዲት ቃል ላይ ነበር። ስለ ዕድሜ፥ ስለ ወራት፥ ስለ ቍጥር የሚወጣው ትእዛዝ ሁሉ ሲፈታ ይህችው ቃል ናት። ይህችም ቃል ሕይወት የሚኖራት ሰሚዎችዋ በባዶ እጅ መመለስ በሚችሉበት ቦታ ብቻ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰው መመለስ ይችላል፤ ነገር ግን የከፈለው ገንዘብ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ይጐትታቸዋል። እርሱ ራሱ ምንም ሳይናገር፥ ምንም ሳያዝዝ፥ የአስተርጓሚውን ምላስ እንኳ ያጣምማል። ጥፋቱን በገንዘቡ ላይ ለመጣል አይደለም ይህን የምለው። ገንዘቡ አልተናገረም፤ የተናገርሁ እኔ ነኝ።

ከእኅታችን ጥያቄ በኋላ ያን ሥጋ አምጪ ወጣት ፈልጌ አነጋገርሁት። ከእርሱም ያላሰብሁትን ሰማሁ። ሞተር ብስክሌቱ የእርሱ አይደለም፤ በቀን ሒሳብ የተከራየው ነው። ቤንዚኑንም በብድር ይወስዳል። ማታ ባዶ እጁን ቢመለስ የሞተሩ ባለቤት ይጠብቀዋል፥ የቤንዚኑ ባለዕዳም ይጠብቀዋል። ሥጋውንም የሚመታው እርሱ አይደለም፤ ከጫካ ዳር ተረክቦ ያደርሳል። «ወንድ ነው ወይስ ሴት ብዬ ልምረጥ? የሰጡኝን ነው የምጭነው» አለኝ። በባሌ በኩል የተከራየው ቦታ ነበረ፤ በዚህ ሞተር ብስክሌት ነው። ሁለቱ ኪራዮች ግን እኩል አይደሉም፤ የዚህኛው ለባለ ኪራዩ «ይህን ተወው» የምትል ቃል የምትገባበትን ቀዳዳ አልተወለትም። እኔ ደግሞ በዚያ ጧት ዕዳም ብድርም አልነበረብኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ለእኅታችን መልስ ልሰጣት ተቀመጥሁና፥ በመልስ ፋንታ ይህን ታሪክ ነገርኋት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምታ፥

«ጉርሻውን ተቀበሉ?» አለችኝ።

«ተቀበልሁ።»

«ምን ገዙበት?»

«ጫማ» አልኋት። እውነት ነው፤ ሴሚናሪዮ የገባሁት በዚያ ጫማ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጫምቼዋለሁ።

እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ፥ «እንግዲያው እኔና እርስዎ ተመሳሳይ ነን» አለች። ኀጢአት ነው ወይም አይደለም ብዬ በቃል የመለስሁላት ነገር የለም፤ እርስዋም ደግማ አልጠየቀችኝም። በማግሥቱ ግን ወጣቱን ጠርታ፥ ከእንግዲህ የዱር ሥጋ እንደማትገዛው፥ በዚያው መንገድ ከሞንጋላ ዓሣ ቢያመጣላት ግን እንደምትወስድለት ነገረችው። ሁለት ሳምንት ዓሣ አመጣ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ በርትቶ መንገዱ ተቈረጠና ባዶ ቅርጫት ይዞ መጣ። የሞተሩም የቀን ኪራይ ሳይከፈል ቀረ። እኅታችን ወደ እኔ ልካ ጠራችኝ፤ ኪራዩን ለሁለት ከፈልነው።